ግራዝማች መዝጊያና የነገሌ ነፋስ

አውቶቡስ ተሳፍራችሁ የምታውቁ ሰዎች ሁሉ ግራዝማች መዝጊያን ታውቋቸዋላችሁ። ስማቸው ይለያይ ይሆናል እንጂ ከአርባ መንገደኛ መሃል አንድ እሳቸው አይጠፉም። ፀሐይ አናት ትበሳለች፤ ወንበር ስር የታሰረችው ዶሮ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ አንዱ ምስኪን መንገደኛ መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ገርበብ ያደርጋል። ይኼኔ ከሦስት ወንበር ኋላ፣ ከጋቢ ውስጥ፣ «ኧረ መስኮቱን! ነፋስ ይመታናል!» የሚል ድምፅ ይመጣል። መስኮቱ ይዘጋል። ዶሮዋም እኛም እናለከልካለን።

እኔ የማወራችሁ ግን ስለ ነገሌ ቦረናው ነው። ሌላው ሁሉ ግልባጭ ነው፤ ዋናው እሳቸው ነበሩ። እውነተኛ ስማቸው አቶ ገብረወልድ ሲሆን የመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ግራዝማችነቱን የሾማቸው ንጉሥ ሳይሆን የነገሌ ሕዝብ ነው። በአርባ ስድስት ዓ.ም. ከመንዝ ሲመጡ ጋቢ፣ የሱፍ ቆብና የነፋስ ፍርሃት ይዘው መጡ። መንዝ እንግዲህ ውርጭ ገብስ የሚያቃጥልበት አገር ነው። ነገሌ ደግሞ ፍየል እንኳ ጥላ መርጣ የምትተኛበት አገር ነው። ግራዝማች ግን እስከማወራችሁ ጊዜ ድረስ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከሦስቱ አንዱንም አላወለቁም።

ስለ ነፋስ ያላቸው ዕውቀት ጥልቅ ነበር። ሜዳ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ በእሳቸው አስተያየት ገበሬ ነው፤ ካልነኩት አይነካም። በመስኮት የሚገባው ሽፍታ ነው። በሽንቁር የሚገባው ግን፣ እግዜር ይጠብቀን፣ «እሱማ መርፌ ነው፤ ቀጥ ብሎ ሳንባ!» ይሉና ደረታቸውን በጣታቸው ይወጋሉ። ሙቀትን ግን ፈጽሞ አይፈሩትም። ላብ በጆሮ ግንዳቸው እየወረደ፣ «ሙቀት ላብ ያወጣል እንጂ ነፍስ አያወጣም። እስቲ ሙቀት የገደለው ሰው ስም ጥሩልኝ!» ብለው ይሞግታሉ። ስም የሚጠራላቸው ጠፍቶ ኖረ።

አንድ ጊዜ ሠርግ ተጠርተው ዳስ ውስጥ ተቀመጡና መስኮቱ ይዘጋ አሉ። ዳስ መስኮት የለውም ብንላቸው፣ «ታዲያ ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?» ብለው በእጃቸው ዙሪያውን አሳዩን። ልቅሶ ቤትም ያው ናቸው። ከአስከሬኑ ራስጌ ያለውን መስኮት ሊዘጉ ሲነሡ አንዱ ሽማግሌ ቆጣ ብለው፣ ሟቹን ከእንግዲህ ነፋስ ምን ያደርጋቸዋል ቢሏቸው፣ «እሳቸውስ ተገላገሉ፤ የምንቀረው እኛ ነን» አሉና ዘጉት።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ግራዝማች ነገሌ ያን ያህል ዘመን ኖረው ኦሮምኛ አልለመዱም። «አካም?» ሲሏቸው «ይመስገን» ይላሉ፤ ሰላም ነው ለማለት «ናጋ?» ሲሏቸው «አዎ፣ ከነጋ ቆየ» ይላሉ። ከቋንቋው ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ለይተው ያዙ፤ እሷም ቂሌንሳ ናት፤ ነፋስ ማለት ናት። ጠላትን በስሙ ማወቅ ይጠቅማል ብለው መሰለኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ከሻኪሶ ስንመለስ አውቶቡሱ በገበያተኛ ጢም ብሎ ነበር። ከፊታችን ያሉት የቦረና ሽማግሌዎች መስኮታቸውን ከፍተው በሰላም ይጨዋወታሉ። ግራዝማች በአማርኛ ቢጮኹ የሚሰማቸው ጠፋ። ስለዚህ ቆባቸውን አስተካክለው ቆሙና ባላቸው ቃል ተጣሩ፦ «ቂሌንሳ! ኧረ ቂሌንሳ!»

ሽማግሌዎቹ ዘወር ብለው አዩአቸው። አንድ ሰውዬ በሱፍ ቆብና በጋቢ ተጠቅልለው፣ ላብ አጥምቋቸው፣ ነፋስ፣ ነፋስ እያሉ ይለምናሉ። ወይ እዳ፣ ይኼ ሰው ታፍኖ ሊሞት ነው ብለው እየተጠራሩ በአውቶቡሱ ውስጥ ያለውን መስኮት ሁሉ ከፈቱት። አንደኛው ጭራሽ ተነሥተው ቦታቸውን ለቀቁላቸው፤ መስኮት ጥግ። ግራዝማች ደግሞ የሽማግሌ ክብር አይገፉም። ነገሌ እስክንገባ በጋቢያቸው ውስጥ ጠፍተው፣ መስኮት ጥግ ተቀምጠው፣ እየጸለዩ ሄዱ። ታሪኩ ግን ከእኛ ቀድሞ ነገሌ ገባ።

እኔ የትምህርት ቤቱ መምህር ነኝ፤ ጎረቤታቸውም ነበርኩ። አበሳዬን ያየሁት ከሀሺ ቬንትሌተር የገዛሁ ለት ነው። ሀሺ በግመልም በመኪናም የሚነግድ ሰው ነው፤ ከሞያሌ አንድ የጠረጴዛ ቬንትሌተር አምጥቶ፣ መምህር ሆይ ይኼ ላንተ ነው አለኝ። የከተማው መብራት ሞተር የሚነሣው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት መሆኑን፣ ማለትም ቬንትሌተሬ የሚሠራው ፀሐይ ከገባች በኋላ ብቻ መሆኑን፣ ቤቴ ካስገባሁት በኋላ አስታወስኩ። ግራዝማች መጥተው ከበሩ ላይ ቆመው ተመለከቱት። እሳቸው በነጻ ሲመጣ የሚያባርሩትን ጠላት እኔ ገንዘብ ከፍዬ፣ ጭነት ከፍዬ ማስመጣቴ አሳዘናቸው። «የተገዛ ነፋስ!» አሉና አማተቡ።

በሃምሳ ሰባት የካቲት ሊያልቅ ሲል ባለቤቴ ትርንጎ ሴት ልጅ ወለደች። ጎረቤቱ ሁሉ እንደ ደንቡ ቅቤውን፣ የገንፎ እህሉን ይዞ መጣ። ግራዝማች ምን ይዘው ቢመጡ ጥሩ ነው? አንድ ማሰሮ የዱቄት ሙጫ፣ መቀስና አንድ እሽግ አሮጌ ጋዜጣ። ለአራስ ቤት ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም ብለው ኮታቸውን አወለቁ፤ ጋቢውን አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሁለቱን መስኮቶች ጠርዝ፣ የበሩን ስንጥቅ፣ ግድግዳው ከቆርቆሮው የሚገናኝበትን ክፍተት ሳይቀር በጋዜጣ ለጠፉት። ማታ ላይ በሻማ ዞረው ፈተሹ፤ እሳቱ ንቅንቅ አላለም። «በል መምህር፣ አሁን ልጅህ በእግዜር እጅና በእኔ ሙጫ ውስጥ ናት» አሉኝ።

ስቄባቸው ነበር ብላችሁ ውሸት ይሆናል። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ አራስ ቤት ነፋስ ሲገባ ምን እንደሚያመጣ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው። ደስ ብሎኝ መረቅኋቸው። ትርንጎማ ጉልበታቸውን ልትስም ምንም አልቀራት።

የሳቀችብን ጉያቱ ብቻ ናት። ጉያቱ ወተት የምትሸጥልን ጎረቤታችን ናት፤ ቤቷ የሳር ነው፤ ውስጡ ቀን ቀን እንደ ዋሻ ይቀዘቅዛል። ቦረና ዝናብ ያመጣልናል ብሎ ነፋስን ደጅ ወጥቶ ይጠብቃል፤ እናንተ ደግሞ በወረቀት ትዘጉበታላችሁ አለችን። ስለ ቆርቆሮ ጣሪያችንም የራሷ አስተያየት ነበራት። ቆርቆሮ ለዝናብ ጥሩ ነው፤ ግን ዝናቡ የታለ አለች።

እውነትም ዝናቡ የለም። መጋቢት ገባ፤ ሰማዩ ሙልጭ እንዳለ ቀረ። የቆላውን ዶሎን ያየ ሰው ነገሌን ደጋ ነው ይላል፤ በዚያ ዓመት ግን የዶሎ ነጋዴዎች ራሳቸው ጥላ ፍለጋ ይዞሩ ነበር። ቆርቆሯችን ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ይንጣጣል። የመብራቱም ሞተር አንድ ምሽት ሦስት ጊዜ አስነጥሶ ዝም አለ፤ የጎደለው ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቅ ተባለ። የተገዛው ነፋሴ ጠረጴዛ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቀረ።

ግራዝማች ጥፋቱ የጣሪያው እንጂ የመስኮቱ አይደለም ብለው መፍትሔ አመጡ። ጣሪያው ሳር ይልበስ! አንድ ጋሪ ሳር አስመጥተን ከእሳቸው ጋር ቀኑን ሙሉ ስንከምር ዋልን። ያን ዕለት ቤቱ ትንሽ በረድ አለልን፤ ተመሰጋገንን። ጠዋት ስንነሣ የሀሺ ግመል አንገቷን ዘርግታ የቤቱን ግማሽ ጣሪያ በልታ፣ ወደ ቀሪው ልትዞር ስትል ደረስን። በማግስቱ ቆርቆሮው ላይ ውሃ ብናፈስስ እስስስ ብሎ አንድ ጊዜ ጨሰና አለቀ። ጉያቱ አጥሩ ላይ ቆማ አየችን። የእሷ ጥጆች ውሃ አጥተው እኛ ቆርቆሮ እናጠጣለን ወይ ስትለን አፈርን።

ልጃችን በተወለደች በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት ጡት እንቢ አለች። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ታለቅስ ነበር፤ ከዚያ ማልቀሷን ተወች። እኔ ተኛች ብዬ ደስ አለኝ። ትርንጎ ግን እናት ናት፤ ዳሰሰቻትና ጮኸች። ገላዋ ይፋጃል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ እጇን አንሥተው ሲለቁት ዝም ብሎ ይወድቃል።

ሮጬ ከክሊኒኩ ድሬሰሩን፣ የሐኪም ረዳቱን ጃታኒን ይዤ መጣሁ። በሩን ሲከፍት ሙቀቱ ፊቱን መታውና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ልጅቷን አየ፤ ግድግዳውን አየ፤ ጋዜጣውን አየ። በሽታዋ ሌላ ሳይሆን ይኼ ቤት ነው፤ መስኮቱ አሁኑኑ ይከፈት፣ እስከ ማታ እንዲህ ከቆየች ግን እኔን አትጠይቁኝ አለ። ጉያቱም ልጅቷን ወደ ሳር ቤቷ እንድናመጣት ለመነችን። ትርንጎ በጄ አላለችም። ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፣ ክርስትና ሳትነሣ እንዴት ከቤት ትወጣለች? መስኮቱስ ተከፍቶ ነፋስ ቢመታት ማን ይመልስልኛል?

ያኔ መስኮቱን ራሴ መክፈት ነበረብኝ። ሄጄ ጋዜጣውን ያዝኩት። ሰባት ዓመት ሙሉ ሳይንስ ያስተማርኩ ሰው፣ ስለ አየር ጥቅም ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የጻፍኩ ሰው፣ አንዲት ወረቀት መቅደድ አቅቶኝ ቆምኩ። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ጋሼ ገብረወልድ ይምጡ» አለች ትርንጎ እያለቀሰች። «እሳቸው ክፈቱ ካሉ ይከፈት።»

ወደ ግምጃ ቤቱ ስሄድ ልጣላቸው ነበር ሐሳቤ። በመንገድ ላይ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጀሁ፤ ሙቀት የገደለው ሰው ስም ጥሩልኝ ይሉ የለ፣ ይኸው ስሟ ሊገኝ ነው ልላቸው ነበር። ሳያቸው ግን «ልጄን» ከማለት በቀር ቃል አልወጣኝም። እስክሪብቷቸውን ጥለው ተነሡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ያን ለት ከእኔ ቀደሙ።

ገብተው የልጅቷን ግንባር በእጃቸው ጀርባ ነኩ። ከዚያ ራሳቸው የለጠፉትን ጋዜጣ ዙሪያውን ተመለከቱ። ሁላችንም እናያቸዋለን፤ ጃታኒ በሩ ላይ፣ ጉያቱ ለጥጆቿ ያመጣችውን እንስራ ውሃ እንደታቀፈች መስኮቱ አጠገብ።

«አንዴ ከፍቼ አውቃለሁ» አሉ ግራዝማች። ድምፃቸው ሌላ ነበር። «መንዝ ሳለን ነው። የመጀመሪያ ልጄ ናት። የምድጃው ጭስ አፈናት ብዬ በእጄ ከፈትኩ። በሦስተኛው ቀን ቀበርናት።»

ይህን ነገር ነገሌ ውስጥ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ወርቅውሃ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት ስንስቅባቸው ኖረናል። የምገባበት ጠፋኝ።

ከዚያ ጋቢያቸውን አወለቁ። ያለ ጋቢ ስናያቸው የመጀመሪያችን ነበር፤ ለካ ሰውዬው ቀጫጫ ናቸው። ጋቢውን ከጉያቱ እንስራ ውስጥ ነከሩት፤ ጨመቅ አድርገው በሁለት እጃቸው ዘረጉትና መስኮቱ ፊት ቆሙ። ያልተጣራ ነፋስ በዚህ ቤት አይገባም አሉ፤ መጀመሪያ በዚህ ይጣራል፣ ከዚያ የተረፈው እኔን ይመታል፣ ለልጅቷ ንጹሑ ብቻ ይደርሳታል። ጃታኒ አፉን ከፍቶ ሊናገር ሲል በክርኔ ነካሁት።

«ቂሌንሳ» አሉ ግራዝማች ወደ ጉያቱ ዞረው።

ጉያቱ የአውቶቡሱን ታሪክ እንደ ማንም ነገሌዬ ታውቃለች። ግራ ገብቷት፣ «ጋሼ፣ ልዝጋው ወይስ ልክፈተው?» አለቻቸው።

«ክፈቺው፣ ልጄ።»

ጋዜጣው ተቀደደ፤ ሳንቃው ተከፈተ። የቀትሩ ነፋስ አቧራውን ይዞ መጣና እርጥቡን ጋቢ እንደ ሸራ ነፋው። ከጋቢው በዚህ በኩል የደረሰን ግን ያ ነፋስ አልነበረም። ቀዝቃዛ ነበር፤ የዝናብ ማግስት ጠዋት የሚነፍሰው ዓይነት ነበር። ትርንጎ ልጅቷን ታቅፋ ከግራዝማች ጀርባ ተጠጋች። ጃታኒም እርጥብ ጨርቅ ገላዋ ላይ እያስደረገ፣ በየጊዜው ጡቱን አፏ ላይ አድርጊላት ይላታል። ጋቢው ሲደርቅ ጉያቱ ውሃ ታርከፈክፍበታለች፤ ቢሻን፣ ውሃው፣ አለቀ ትልና ሮጣ ትቀዳለች። የጥጆቿ ውሃ መሆኑን ያን ለት አንዴም አላነሣችም።

ጋቢውን መስኮቱ ላይ በሚስማር እንምታው ብንላቸው ግራዝማች እንቢ አሉ፤ ሚስማር ሽንቁር ይተዋል። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ቆሙ። ክንዳቸው ሲንቀጠቀጥ እኔ ስር ገብቼ ደገፍኩላቸው። እንደዚያ እንደተደጋገፍን፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከኋላችን ምጥጥ ምጥጥ የሚል ትንሽ ድምፅ ሰማን።

«ያዘች» አለች ትርንጎ። «ጡቱን ያዘች።»

እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ግራዝማች ዞር አላሉም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳደረጉ፣ ዝም እንድንልና ልጅቷን እንዳናስደነግጣት አዘዙን። ትከሻቸው ግን ይነቀነቅ ነበር።

በማግስቱ ግራዝማች አልጋ ላይ ዋሉ። አፍንጫቸው ቀላ፤ ድምፃቸው ተዘጋ፤ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያስነጥሳሉ። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ለሚጠይቃቸው ሁሉ፣ «አላልኳችሁም ነበር? ይኸው መታኝ!» ይላሉ። አሥራ አንድ ዓመት ምስክር ያጡለት ክርክር በራሳቸው አፍንጫ ረታ። ጃታኒ ነፋሱን ያቀዘቀዘው ውሃው ነው፤ ውሃ ሲተን ሙቀት ይወስዳል ብሎ ሊያስረዳቸው ሞከረ። በትዕግሥት ሰሙትና፣ «ውሃውማ ነፋሱን አጠበው» አሉት።

ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ ነገሌ ውስጥ መስኮቱ ላይ እርጥብ ጆንያ ያልሰቀለ ቆርቆሮ ቤት አልነበረም። ሕዝቡ የገብረወልድ ወንፊት ብሎ ሰየመው። ባለ ወንፊቱ ግን በሳምንቱ ከአልጋ ሲነሡ ማሰሮ ሙጫቸውን ይዘው እቤቴ መጡ። የተከፈተው ይቆይ፤ ሁለተኛው መስኮት ጥግ ላይ ግን ጋዜጣው ተላቅቋል፤ በዚያ በኩል መርፌው ይገባል አሉኝ። ለጠፉት።

በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ወይዘሮ ወርቅውሃ ክርስትና እናት ሆኑ። ቄሱ ጥሩ ስም አወጡላት። ግራዝማች ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚያውቋትን ብቸኛ የኦሮምኛ ቃል ሰጧት፤ ቂሌንሳ እያሉ ጠሯት። ከተማውም ተከተላቸው።

አሁን ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለፈው ከእሷ ጋር ወደ ክብረ መንግሥት ስንሄድ ግራዝማች ከኋላችን ተሳፍረው ነበር። አርጅተዋል፤ ጡረታ ወጥተዋል፤ ቆቡ ያው ነው። መንገዱ አቧራ፣ አውቶቡሱ ጢም ያለ፣ ሙቀቱ ያው የምታውቁት። ልጄ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፍታ ፀጉሯን ታስመታለች። እኔ በሆዴ መቁጠር ጀመርኩ። አሥር ሳልደርስ ከጋቢው ውስጥ ያ ድምፅ መጣ።

«ቂሌንሳ! ኧረ ቂሌንሳ!»

«አቤት፣ ጋሼ?» አለች ልጄ፣ ዘወር ብላ።

ግራዝማች እጃቸውን ወደ መስኮቱ እንደዘረጉ ቀሩ። አዩዋት። መስኮቱን አዩት። እንደገና እሷን አዩ።

«ምንም፣ ልጄ» አሉና ቁጭ አሉ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ድረስ ሳቡት።

ክብረ መንግሥት ልንደርስ ስንቃረብ ከጫካው ብርድ ብጤ መጣ። ዞር ብዬ አየኋቸው፤ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ተነሣሁና ማንም ሳይጠይቀኝ መስኮቱን ዘጋሁት። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ፣ ኧረ መምህር ታፈንን፣ ምን ነካዎት ብሎ ጮኸብኝ።

«ዝም በል» አልኩት። «ነፋስ ይመታቸዋል።»